በአገር ልክ የተሰፋ ኮንቴይነር የለም
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የምግብ፣ የመጠጥና የሸቀጣ ሸቀጥ ገበያ በትንንሽ አገሮች

ስለ ትንንሽ አገሮች የሸቀጣ ሸቀጥ ገበያ ከደረሱን ጥያቄዎች ስምንቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ ገሚሶቹ ከባንኮኒው ወዲያ፣ ገሚሶቹ ወዲህ ያሉ ናቸው። ስሌቱ ለየትኛውም አገር ገንዘብ እንዲሠራ ዋጋዎቹን በቁጥር ብቻ አስቀምጠናል፤ ሁሉም ከቫት በፊት ያሉ ናቸው።

«የችርቻሮ ገበያው ባለፈው ዓመት 9 በመቶ አደገ የሚል ሪፖርት አነበብኩ። እኔ የሸጥኩት ካርቶን ግን ከአምናው እምብዛም አይበልጥም። ሪፖርቱ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ ወደ ኋላ የቀረሁት?» (የሱቅ ባለቤት)

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሪፖርቱ የቆጠረው ገንዘብ ነው፣ እርስዎ የቆጠሩት ካርቶን። በዚያ ዓመት የምግብ ዋጋ 7 በመቶ ጨምሮ ከሆነ 1.09ን ለ1.07 ያካፍሉ፤ 1.019 ይመጣል። በመጠን ሲለካ ገበያው ያደገው 1.9 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ብዙዎች 9 ሲቀነስ 7 ብለው 2 ይላሉ። ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ ልዩነቱ አይጎዳም። ሽያጩ 40፣ የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ ሲሆን ግን መቀነስ 10 በመቶ ይሰጥዎታል፣ ማካፈል 7.7። ትክክሉ ማካፈሉ ነው። የሚያካፍሉበትም የምግብና መጠጥ ዋጋ መለኪያ ይሁን፤ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት የተቀላቀለበት አጠቃላይ የዋጋ ንረት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ የሚበላውን ሰው ይቁጠሩ። ሕዝቡ 1.5 በመቶ ከጨመረ ከ1.9ኙ ለእያንዳንዱ ሰው የሚተርፈው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በትንሽ አገር ይህ እርምጃ ፈጽሞ አይዘለልም። 400 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላትን አይስላንድን በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይረግጣታል። በእንዲህ ያለ አገር የሳንድዊችና የታሸገ ውኃ ሽያጭ ከፍ ዝቅ ሲል ስለ ነዋሪው አመጋገብ አንዳች ላይናገር ይችላል።

ለሱቅዎ ሦስት ቁጥሮች ይያዙ፦ የደረሰኝ ብዛት፣ በአንድ ደረሰኝ ላይ ያለው የዕቃ ብዛት፣ የአንድ ዕቃ አማካይ ዋጋ። ሦስቱ ሲባዙ ሽያጭዎን ይሰጣሉ። ደረሰኙ ከቀነሰ ደንበኛ እየሸሸ ነው። ደረሰኙ ባለበት ሆኖ ዕቃው ከቀነሰ ደንበኛው ቀሪውን ከሌላ ቦታ እየገዛ ነው። ሁለቱም ባሉበት ሆነው አማካይ ዋጋው ከወረደ ሰዉ ወደ ርካሹ ብራንድ ዞሯል። መድኃኒታቸው ለየቅል ስለሆነ አጠቃላይ ሽያጩን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል።

«ያው ብስኩት፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ግራም። ትልቁ ጎረቤት አገር ውስጥ ግን ከእኛ 20 በመቶ ይረክሳል። ስግብግብነት ካልሆነ ምንድነው?»

ስግብግብነትም ሊኖርበት ይችላል፤ እሱን ከታች እናገኘዋለን። አስቀድሞ ግን የማንም ኪስ ውስጥ የማይገባውን ወጪ እንይ።

በአውሮፓ መንገዶች ላይ የተለመደው 13.6 ሜትር ተሳቢ 80 በ120 ሴንቲሜትር የሆኑ 33 ፓሌቶች (ዕቃ የሚደረደርባቸው የእንጨት መደቦች) ይጭናል። መኪናውን የሚሞላ ነጋዴ ኪራዩን ለ33 ያካፍላል። 4 ፓሌት የሚበቃው ነጋዴ ዕቃው ከሌሎች ጋር ተዳብሎ ይመጣለታል፤ መንገድ ላይ መጋዘን ገብቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ተጭኖ። እያንዳንዱ መውረድና መጫን የጉልበት ክፍያ አለው፣ የሚደፈጠጥ ካርቶንም አለው።

ሁለተኛው ወጪ ጽሑፉ ነው። ከባልቲክ አገሮች የብስኩት ጥቅል አንዱን ገልብጠው ቢያዩት ጀርባው ላይ ያው የይዘት ዝርዝር ሦስት ጊዜ ተጽፎ ያገኙታል፤ በኢስቶኒያኛ፣ በላትቪያኛና በሊትዌኒያኛ። ሦስቱ አገሮች ተደምረው 6 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው ያላቸው፤ ለየአንዳንዳቸው ፕላስቲክ ማሳተም ስለማያዋጣ አንድ ጥቅል ይጋራሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ የትንሿ ፊደል ቁመት ከ1.2 ሚሊሜትር እንዳያንስ ያዛል፤ እስከ 0.9 የሚፈቀደው ትልቁ ገጹ ከ80 ካሬ ሴንቲሜትር ለሚያንስ ጥቅል ብቻ ነው። ሦስት ቋንቋ በዚህ ቁመት የማይበቃው ጥቅል ተለጣፊ ወረቀት ይደረግበታል፤ እሱም በእጅ፣ አንድ በአንድ።

ተለጣፊው ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜውን ወይም ባርኮዱን ይሸፍናል። በረዶ በያዘ ካርቶን ላይ ተራ ማጣበቂያ አይዝም፤ ለማቀዝቀዣ የተሠራ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፣ ካልሆነም ዕቃው ከመቀዝቀዙ በፊት መለጠፍ አለበት። የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ያለበት ወረቀት ወልቆ ከወደቀ ጉዳዩ የወረቀት መሆኑ ያበቃል፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ይነሳል።

«አከፋፋዩ ሁልጊዜ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ ይሰጠኛል። ትኩሱን ለትልልቆቹ፣ ቀሪውን ለእኔ ነው? ምን ብዬ ልከራከር?» (የጭማቂና የቆርቆሮ ምግብ ቸርቻሪ)

አንዳንዴ ነገሩ እንደጠረጠሩት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሒሳቡ ነው። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል።

ጭማቂው ከተመረተበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ዕድሜ አለው። ፋብሪካ መጋዘን 15 ቀን ቆየ፤ ባሕሩ፣ ወደቡና ጉምሩኩ 40 ቀን ወሰዱ። አስመጪው መጋዘን ሲደርስ 55 ቀን ሄዷል፣ 125 ቀርቷል። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር 10 ፓሌት ይዟል፤ በፓሌት 100 ካርቶን ብንል 1,000 ካርቶን። አገሪቱ በቀን የምትጠጣው 9 ካርቶን ከሆነ ኮንቴይነሩ የሚያልቀው በ111 ቀን ነው። የመጨረሻው ካርቶን መጋዘኑን ሲለቅ 166 ቀን ሞልቶታል፤ ለቸርቻሪውና ለጠጪው የቀረው 14 ቀን ነው። አሥር እጥፍ በምትጠጣ አገር ያው ኮንቴይነር በ11 ቀን ያልቃል፤ የመጨረሻው ካርቶን 114 ቀን ይዞ ይወጣል። ፋብሪካው፣ መርከቡና ጭማቂው አንድ ናቸው።

ስለዚህ አከፋፋዩን «ትኩስ ስጠኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሊያደርግ የሚችለውን ይጠይቁት። ኮንቴይነሩን ከሌላ ዕቃ ጋር አጋርቶ 5 ፓሌት ብቻ ቢያመጣ 500 ካርቶኑ በ56 ቀን ያልቃል፤ የመጨረሻው 69 ቀን ይተርፈዋል። ለአንድ ካርቶን የሚከፍለው ማጓጓዣ ግን ከፍ ይላል፤ ያንን ጭማሪ ደግሞ ለብክነት ከሚያወጣው ጋር ያመዛዝናል።

በእርስዎ በኩል የግዢ ትዕዛዙ ላይ ሲረከቡ መቅረት ያለበትን ጊዜ በቀን ይጻፉ፤ «ቢያንስ 60 ቀን የቀረው» ተብሎ። «ትኩስ» ወይም «አዲስ ምርት» የሚለው ቃል ሲካሰሱበት ዋጋ የለውም። ሲረከቡ የላይኛውን ካርቶን ብቻ አይዩ፤ ከፓሌቱ መሃልና ሥር አንዳንድ አውጥተው ቀኑን ይመልከቱ፤ የተለያየ ምርት የሚደባለቀው እዚያ ነው። 03/04 የሚል ቀን ሲያጋጥም ወሩ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ያስረግጡ።

መደርደሪያ ላይ ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ከፊት ይሁን። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ትናንት የገባው ዕቃ ካለፈው ወሩ ቀድሞ የሚያልፍበት ጊዜ አለና። «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት፣ «እስከዚህ ቀን ብቻ ይጠቀሙ» የሚለው ስለ ጤና ነው። በሁለተኛው ላይ ቅናሽ ተለጥፎም ቢሆን ከቀኑ በኋላ መሸጥ አይቻልም።

ብክነት ትርፍዎን ምን ያህል እንደሚበላም ይወቁት። 20 ፍሬ በ8 ገዝተው በ10 ሲሸጡ ትርፉ 40 ነው። ከ20ው አንዷ ብቻ ብትጣል 190 ይሰበስባሉ፤ ወጪው 160 ነውና ትርፉ 30 ይሆናል። የተጣለው ዕቃ 5 በመቶ ነው፣ የጠፋው ትርፍ 25 በመቶ። ለዚህ ነው ሊያልፍ 10 ቀን ሲቀረው 20 በመቶ ቀንሶ መሸጥ በመጨረሻው ቀን 70 በመቶ ከመቀነስ የሚሻለው።

«በአገራችን አራት ሱፐርማርኬቶች ገበያውን ይዘውታል። መቼ ነው 'በጥቂቶች እጅ ነው' የሚባለው?»

ለዚህ መለኪያ አለው። የየአንዳንዱን የገበያ ድርሻ በራሱ ያባዙና ይደምሩ። ድርሻቸው 40፣ 30፣ 20 እና 10 ከሆነ 1,600፣ 900፣ 400 እና 100 ተደምሮ 3,000 ይመጣል። በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የወጣው የአሜሪካ የኩባንያዎች ውህደት መመሪያ ከ1,800 በላይ የሆነውን በእጅጉ የተጠቀለለ ገበያ ይለዋል። በትንሽ አገር 1,800ን ማለፍ ቀላል ነው፤ ከአራት በላይ ትልልቅ መጋዘን የሚመግብ ሕዝብ ስለሌለ። ቁጥሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። የሚመረመረው አራቱ ዋጋ ሲቀንሱ ይፎካከራሉ ወይስ ይጠባበቃሉ የሚለው ነው።

ኒውዚላንድ የሱፐርማርኬቶቿን ውድድር በይፋ መርምራለች። የንግድ ኮሚሽኗ በመጋቢት 2022 ባወጣው ጥናት ውድድሩ በደንብ እንደማይሠራ ደመደመ። በ2023 የግሮሰሪ ሕግ ወጥቶ ዘርፉን የሚከታተል ኮሚሽነር ተሾመ። በጥቅምት 2024 ደግሞ ፉድስታፍስ የሚባሉት ሁለት የኅብረት ሥራ ድርጅቶች እንዋሃድ ሲሉ ኮሚሽኑ ከለከለ። ከከለከለባቸው ምክንያቶች አንዱ አቅራቢዎችን ይመለከታል፤ ሦስት ትልልቅ ገዢዎች ወደ ሁለት ሲወርዱ አምራቹ «አልሸጥልህም» ብሎ የሚሄድበት በር ይጠባል።

አዲስ ተፎካካሪ ሲገባ ነባሩ ይነቃል። የአሜሪካው የጅምላ ሱቅ ኮስትኮ በግንቦት 2017 ሬይክያቪክ አጠገብ ሲከፍት የአይስላንድ ትልቁ ቸርቻሪ ቡድን ሃጋር በጥቂት ወራት ውስጥ የሽያጭ መቀነስ አስታወቀ። ነገር ግን አዲሱ ተፎካካሪ ቶሎ አይመጣም። የጀርመኑ ቅናሽ ሱቅ ሊድል ሊትዌኒያ የገባው በ2016፣ ላትቪያ በ2021፣ ኢስቶኒያ በ2022 ነው። ቅደም ተከተሉ ልክ እንደ ሕዝባቸው ብዛት ነው፤ ትንሿ መጨረሻ ደረሳት።

«እንደ ሊድል ያለ ቅናሽ ሱቅ ሰፈሬ ሊከፈት ነው። የዕቃ ዓይነት ላብዛ?»

አያብዙ። ቅናሽ ሱቅ የሚያሸንፈው ጥቂት ዓይነት በብዙ መጠን ስለሚያዝ ነው። ጎትሊብ ዱትቫይለር የስዊዘርላንዱን ቸርቻሪ ሚግሮን በ1925 ዙሪክ ላይ ሲጀምር 5 መኪናና 6 ዕቃ ብቻ ነበረው፤ ቡና፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ የኮኮናት ቅባትና ሳሙና። ቅናሽ ሱቁን በዚህ መንገድ አይግጠሙት፤ በመጠን አይችሉትም።

የሦስት ወር ሽያጭዎን ያውጡና በወር ከአንድ ካርቶን በታች የሚሸጡትን ይለዩ። ሌላ የሚተካቸው ካለ ይውጡ፣ ከሌለና ደንበኛ ለእነሱ ብሎ የሚመጣባቸው ከሆነ ይቆዩ። የተረፈውን ቦታና ገንዘብ ቅናሽ ሱቁ ለማይመቸው ያውሉት፦ በየቀኑ ለሚገባ ትኩስ ዕቃ፣ በተናጠል ለሚሸጥ፣ በምሽት ለሚፈለግ። ዋጋ ዝቅ ማድረግ ካለብዎ ሰው ዋጋቸውን በቃሉ በሚያውቃቸው ከ10 እስከ 15 ዕቃዎች ላይ ብቻ ይሁን።

«አቅራቢው '10 በመቶ ቅናሽ አድርግ፣ ሽያጭህ በግማሽ ያድጋል' ይለኛል። ልስማማ?»

በግማሽ ካደገ ይከስራሉ። በ75 ገዝተው በ100 ሲሸጡ ከአንዱ 25 ያገኛሉ፤ በ90 ሲሸጡ 15። 100 ፍሬ ይሰጥዎ የነበረውን 2,500 መልሶ ለማግኘት 167 ፍሬ መሸጥ አለብዎት። 150 ቢሸጡ የሚያገኙት 2,250 ነው፤ ጉልበቱን ሳንቆጥር።

ስለዚህ ቅናሹን ማን ይሸከማል ብለው ይጠይቁት። ከ10ሩ 6ቱን አቅራቢው ከሸፈነ ወጪዎ 69 ይሆናል፣ ከአንዱ 21 ያገኛሉ፤ 120 ፍሬ ከሸጡ ተካሰዋል። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ከደረሰኙ ላይ ቢቀነስ ይመረጣል። «በኋላ እናካክሳለን» የተባለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ዘይትና ሳሙና የመሰሉ ቤት ውስጥ የሚከማቹ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ውጤቱን ቅናሹ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ ይለኩ። ያኔ ሽያጩ ከወትሮው ወርዶ ካገኙት የሸጡት የሚቀጥለውን ወር ገበያዎን ነው።

«የአልኮል ግብር ሲጨምር ፍጆታ ይቀንሳል ይባላል። ድንበር ላይ የምንሸጠው ግን ሌላ እናያለን።»

የሚያዩት እውነት ነው። ኢስቶኒያ በ2017 እና በ2018 የአልኮል ኤክሳይዟን ደጋግማ ከፍ ስታደርግ በአገር ውስጥ የተመዘገበው ሽያጭ ወረደ። ከፊሉ ግን የወረደው ገዢው መኪናውን አስነስቶ ላትቪያ ስለገባ ነው። የኢስቶኒያዋ ቫልጋና የላትቪያዋ ቫልካ ድንበር ለሁለት የከፈላቸው አንድ ከተማ ናቸው፤ በላትቪያ በኩል መጠጥ ቤቶች ሳይሆን መጠጥ መጋዘኖች በዙ። ኢስቶኒያ ሐምሌ 1 ቀን 2019 በቢራ፣ በሲደርና በጠንካራ መጠጥ ላይ የነበረውን ኤክሳይዝ 25 በመቶ ቀነሰች፤ ላትቪያም ብዙ ሳትቆይ የጠንካራ መጠጥ ኤክሳይዟን ዝቅ አደረገች። እንዲህ ባሉ አገሮች በነፍስ ወከፍ የሚሰላ የሽያጭ ቁጥር ሲያነቡ የጎረቤቱን ሠንጠረዥ አብረው ይዘርጉ።

ለሱቅዎ የሚጠቅመው ስሌት ይኸው ነው፦ በአንድ ካርቶን የሚተርፈው 6 ቢሆንና የጉዞው ነዳጅ 30 ቢሆን ገዢው ከአምስት ካርቶን በላይ ካልወሰደ አያዋጣውም። ስለዚህ የድንበር ደንበኛ ነጠላ ጠርሙስ አይፈልግም። ካርቶኑ ከነፓሌቱ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ይቁም፣ ዋጋው በካርቶን ይጻፍ፣ ጋሪው ሰፊ ይሁን። የጠርሙስ ማስያዣ የሚከፈልባቸው አገሮች ውስጥ ከሆኑ ማስያዣውን በተለየ መዝገብ ይያዙ፤ ነገ የሚመለስ የሰው ገንዘብ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ከወዲያ ማዶ የመጣ ጠርሙስ ደግሞ በእርስዎ የጠርሙስ መቀበያ ማሽን ማስያዣ አያስመልስም፤ ባርኮዱ ወይም ምልክቱ ስለሚለይ። ይህን ማሽኑ ላይ በትልቁ ካልጻፉ ካሸርዎ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ይውላል።

«ጥቅሉ እያነሰ፣ ዋጋው እየቀነሰ የመጣ ይመስላል። ተጠቅሜያለሁ ወይስ ተታልያለሁ?» (የቤት እመቤት)

500 ግራሙ 60 የነበረ ዕቃ 450 ግራም ሆኖ በ57 ቢሸጥ መለያው ላይ ዋጋ ቀንሷል። በኪሎ ግን 120 የነበረው 126.67 ሆኗል፤ 5.6 በመቶ ተጨምሮበታል። መፍትሔው በኪሎ ወይም በሊትር የሚጻፈው ዋጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ1998 መመሪያው ጀምሮ ይህ በሱቅ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ኒውዚላንድም በ2023 ባወጣችው ደንብ ትልልቆቹን ሱቆች አስገድዳለች። ፈረንሳይ ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ መጠኑ ተቀንሶ በመጠን ዋጋው የጨመረ ዕቃ ካለ ትልልቅ ሱቆች መደርደሪያው ላይ ለሁለት ወር እንዲያሳውቁ አዛለች።

ሲያወዳድሩ ሁለቱም በአንድ መለኪያ መጻፋቸውን ይዩ፤ አንዱ በ100 ግራም፣ ሌላው በኪሎ ሆኖ የሚያደናግርበት ጊዜ አለ። ቆርቆሮ ሲሆን ደግሞ ሁለት ክብደት ይፈልጉ። የተጣራው ክብደት ፈሳሹንም ይጨምራል፤ የሚበላው ፈሳሹ ሲፈስ የሚቀረው ነው። 400 ግራም የሚሉ ሁለት የባቄላ ቆርቆሮዎች አንዱ 240፣ ሌላው 220 ግራም ባቄላ ሊይዙ ይችላሉ፤ ማካፈል ያለብዎት በእሱ ነው።